የወንድሜ ሚስት መነሻ ድምፅ ስትሰጥ

የሆስፒታሉ ላውንደሪ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ ከቦይለር ቤቱ አጠገብ ነበር። እኔ እዚያ አጣፊ ነበርኩ፤ የወንድሜ ሚስት ደግሞ ተኳሽ። ተኳሽ ስላችሁ ጠመንጃ እንዳይመጣባችሁ፤ የምትተኩሰው አንሶላ ነው። ይቺን ቀልድ የአምቡላንሱ ሾፌር አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር ይናገራት ነበር፤ በተናገራት ቁጥርም የሚስቀው እሱ ብቻ ነበር።

ኳየርም ነበረን። ኳየር ሲባል አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ የተሰለፈ ሰው ይታያችሁ ይሆናል። የእኛ እንደዚያ አልነበረም። በሳምንት አንድ ቀን፣ የቀኑ ፈረቃ ሲያልቅ፣ አንሶላ በምንተኩስበትና በምናጥፍበት ክፍል የምንሰበሰብ የደከመን ሰዎች ነበርን። ክፍሉ ከማሽኖቹ የተረፈ ሙቀት ስላለው እግር እዚያ ሲደርስ ይፍታታል። ጫማው የጠበበው ያወልቃል። ወገቡን የሚያመው የታሰረ አንሶላ ክምር ላይ ይቀመጣል። ቤቱ የሳሙናና የጋለ ጥጥ ሽታ ነበረው፤ እስከ ዛሬ አዲስ የተተኮሰ ልብስ ሲሸተኝ ጉሮሮዬ ለመዝፈን ይከፈታል። ማዛጋትም ነበር። አንዱ ሲያዛጋ ማዛጋቱ ከረድፍ ረድፍ ይሻገራል። አንድ ቀን የወፍራም ድምፅ ረድፍ በሙሉ በዘፈኑ መሃል ባንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ አዛጋ፤ መሪያችን ማንኪያቸውን እንደያዙ “እሷን እንኳ አብራችሁ ይዛችኋታል” አሉ።

መሪያችን የመድኃኒት ቤቱ ሰው ነበሩ። ክኒን የሚቆጥሩባትን ጠፍጣፋ ማንኪያ ከጋውናቸው የደረት ኪስ አውጥተው በእሷ ስለሚመሩን ጋሽ ማንኪያ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ “ይቺ ከምግብ በፊት፣ ይቺ ከምግብ በኋላ” ሲሉ ስለሚውሉ ለማታ ድምፅ አይተርፋቸውም። ዘፈኖቻችንን የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ለሚወጣ ሰው አንድ ዘፈን አለን፤ ለተመራቂ ነርሶች አንድ። ዋናዋ ግን የበሩ ዘፈን ናት። የሌሊት ፈረቃ ሲወጣና የቀን ፈረቃ ሲገባ ሁለቱ በሩ ላይ ሲገናኙ የሚባባሉትን የምትናገር ዘፈን። ግማሻችን የሚወጣውን፣ ግማሻችን የሚገባውን ሆነን ነው የምንዘፍናት። የሚወጣው “ደከመኝ” ይላል፣ የሚገባው “ገና አልነቃሁም” ይላል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ። ለዚህ ዘፈን ብዙ ማስመሰል አያስፈልገንም ነበር።

መሣሪያ የሚባል ነገር አልነበረንም። መነሻውን የምትሰጠን የወንድሜ ሚስት ናት። ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ከመተኮሻው ማሽን አጠገብ ትቆማለች። መዳፏን አንገቷ ሥር ታስቀምጣለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትንሽ ትቆያለች። ያኔ የሚያስል ሰው እንኳ ሳሉን ይውጠዋል። ከዚያ አፏን ሳትከፍት አንዲት ድምፅ ታወጣለች፤ “ምምም” የምትል፣ ከደረቷ የምትመጣ። ጋሽ ማንኪያ እጃቸውን ሲያነሡ ሁላችንም በዚያች ድምፅ ላይ እንሳፈራለን። ስለዚህ ስሟ መነሻ ሆነ። እኩዮቿ መነሻ፣ ልጆቹ እትዬ መነሻ ይሏታል። ደመወዝ ክፍል ሳይቀር ትክክለኛ ስሟ ሲጠራ “ማን ናት?” ብለው ይጠይቁ ነበር።

ይህን ሥራ እንዴት እንዳገኘችው ልንገራችሁ። ወንድሜ የቦይለር ሠራተኛ ነበር። ላውንደሪው የሚሞቀው በእሱ እሳት ስለሆነ እሷ “ባሌ ካልተነሣ ሆስፒታሉ አንሶላ የለውም” እያለች ትኮራበት ነበር። ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ መምጣቱንስ አላቋረጠችም። ንግግር ግን ቀረ። “ያዢ”፣ “ልቀቂ”፣ “ሊቃጠል ነው”፤ ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣትም። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሷ ቤት ገባሁ። እኔም ባል አልነበረኝም፤ ማለቴ ነበረኝ፣ ሄደ እንጂ። ከሥራ እንመጣለን፣ ያገኘነውን እንቀምሳለን፣ ከዚያ ሁለት ሴቶች ጠረጴዛ ከበን ግድግዳ ስናይ እናመሻለን። አወራታለሁ፣ “እ” ትለኛለች። ከዚያ እኔም ማውራት ታከተኝ።

ማሽኑ ጋ ስትሆን ግን ታንጎራጉራለች። ያ ትልቁ ባለጥቅልል ማሽን ቀኑን ሙሉ ሳይሰለች አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ እሷም እዚያው ድምፅ ውስጥ ገብታ ትውላለች። ራቅ ብሎ ለሚሰማ የቱ ሞተሩ፣ የቷ ሴትዮዋ እንደሆነች አይለይም። አንድ ቀን ጋሽ ማንኪያ ጋውናቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

“ማን ናት?” አሉኝ።

“የወንድሜ ሚስት ናት።”

“ድምፁን ነው የምልሽ።”

“እሱም የእሷ ነው።”

መነሻ የሚያወጡባት ትንሽ ፊሽካ ነበረቻቸው፤ የልጅ ልጃቸው ውሃ ውስጥ ከቶ አበላሽቷት ነበር። “መዝፈን የለብሽም፤ ድምፁን ብቻ ስጪንና ወደ ቤትሽ ሂጂ” ብለው ለመኗት። መጣች፣ ሰጠች፣ አልሄደችም። ያ ሁሉ ሰው አፉን ዘግቶ ወደ እሷ ሲያይ አንገቷ ላይ ያለው ደም ሥር ሲመታ አየሁት። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ጫማዋ ማውራት ጀመረች። ተረከዙ በአንድ ጎን ብቻ እንደሚያልቅ፣ ጫማ ጠጋኙም “አረማመድሽን አስተካክዪ” እንዳላት፣ እሷም “ጫማውን አስተካክል እንጂ እኔን ማን አምጥቶልህ” እንዳለችው። ስለ ጫማ ብቻ ነው ያወራችው። እኔ ግን መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

“ድምፁን ከየት ነው የምታመጪው?” አልኳት አንድ ጊዜ።

“ከማሽኑ ነዋ። ቢጠፋም ይሰማኛል።”

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ጥቁር ፀጉር ይዞ የመጣው ሸበተ። እኔ መነጽር ማድረግ ጀመርኩ፣ ሾፌሩ ሆድ አወጣ፣ ጋሽ ማንኪያ ጡረታ ወጥተው ለልምምድ ብቻ በእግራቸው እየመጡ ማንኪያዋን ከኮታቸው ኪስ ማውጣት ጀመሩ። አሮጌውንም ማሽን ነቅለው አዲስ አመጡ። አሮጌው በጭነት መኪና ሲወሰድ እሷ በሩ ላይ ቆማ እስኪጠፋ አየችው፤ እኛ “ባልሽ ሄደ እንዴ?” ብለን ሳቅንባት።

እኔና እሷም ጡረታችን ሲቃረብ የሆስፒታሉ አዲስ ሕንፃ አለቀ። ዳይሬክተሩ ለምረቃው የበሩን ዘፈን እንድንዘፍን ጠየቁ። በዚያው ሰሞን አንድ ደግ ሰው ለሆስፒታሉ ኦርጋን ሰጠ፤ ለምረቃው ኦርጋኑ ይሰማ ተባለ። ከባድ ስለሆነ ወደ ላውንደሪ አይገባም፤ ልምምዱ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ተዛወረ። አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ወንበሩ ብረት ነው። እዚያ ጫማ የሚያወልቅ ሰው አልነበረም።

ካርድ ክፍል የምትሠራ ልጅ አለች፤ “ካርድህ የለም፣ ነገ ተመለስ” በማለት የታወቀች፣ ስትዘፍን ግን ድምፅዋ እንደ መርፌ የቀጠነ። ትምህርት ቤት ሳለች ኦርጋን ተምራ ነበርና እሷ ተቀመጠችበት። ጋሽ ማንኪያ አጎንብሰው ፈለጉና አንዷን ቁልፍ በጣታቸው ነኩ። “ዘፈኗን ስደርሳት ከዚህ ነበር የምትነሣው” አሉ። ልጅቷ ተጫነቻት። የወንድሜ ሚስትም እንደ ልማዷ መዳፏን አንገቷ ሥር አድርጋ የራሷን ሰጠች።

ሁለቱ ድምፆች አልተገናኙም። ኦርጋኑ ፎቅ ላይ ነው፣ እሷ ምድር ቤት። እኛ ደረጃው ላይ ቀረን፤ ግማሻችን ወደ ላይ፣ ግማሻችን ወደ ታች። ከመጀመሪያው መስመር ሳናልፍ ፈረስን።

“እኔ እሆናለሁ የተሳሳትኩት” አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ።

“አንቺ አይደለሽም። ኦርጋኑ ሲመጣ ተንገጫግጮ ነው” አለ ሾፌሩ። “ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።”

ወደ ወንድሜ ሚስት ያየ ሰው የለም። ፀሐይ ዘግይታ ወጣች ብሎ የሚጠረጥር አለ? የሆስፒታሉን መብራት ሠራተኛ ጠርተን ኦርጋኑን አሳየነው። ፈታው፣ አየው፣ ነፋ ነፋ አደረገው፣ መልሶ ገጠመው። “ጤነኛ ነው” አለ። “እዚህ ካለነው ሁሉ የሚሻል ጤነኛ።”

በሚቀጥለው ሳምንት ከቀዶ ጥገና ክፍል አስቸኳይ ልብስ ስለመጣ የወንድሜ ሚስት ማሽኑ ላይ ቀረች። ወደ አዳራሹ እኔ ብቻ ሄድኩ። ሾፌሩ ክርክሩን ሊቆርጥ ብሎ አንድ አሮጌ ካሴት ከነቴፑ ይዞ መጥቶ ነበር። የወንድሜ ሚስት ኳየሩ ውስጥ በገባች ሰሞን በአንድ ሐኪም ሽኝት ላይ የተቀዳ የበሩ ዘፈን ነው። ቴፑ ተከፈተ። መጀመሪያ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ከዚያ “በሩን ዝጉት” የሚል የሾፌሩ ድምፅ፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ “ምምም”። የእሷ ድምፅ፣ ገና ያልደከመ። ቀጥሎ እኛ፣ ሁላችንም ከፍ ብለን፣ ቀለል ብለን።

“ቴፑ ነው የሚያሮጠው” አልኩ እኔ።

“አምቡላንስ ውስጥ ኖሮ መሮጥ ለምዶበት ይሆናል” አለ ሾፌሩ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ግን ራሷን ነቀነቀች። “‘በሩን ዝጉት’ ሲሉ እኮ ድምፅዎ እንደ ዛሬው ነው። ቢያሮጥ እርስዎም እንደ ጫጩት ነበር የሚንጫጩት።” ካሴቱን መለሰችና የወንድሜ ሚስት ድምፅ እንደገና “ምምም” ሲል ጋሽ ማንኪያ ያሳዩዋትን ቁልፍ ተጫነች። አንድ ነበሩ። በመካከላቸው ክር አይገባም።

ኦርጋኑም ልጅቷም ልክ ነበሩ። የወረድነው እኛ ነን። ድምፅዋ ከዕድሜዋ ጋር ትንሽ ትንሽ ዝቅ አለ፤ እኛም ሳናውቀው ተከትለናት ወረድን። ዘንድሮ ከአምና ዝቅ ማለታችንን በምን እንለየው? መለኪያችን እሷው ናት።

“ለካ ለዚህ ነው መጨረሻው ላይ እንደ ጄኔሬተር የማጓራው” አለ ሾፌሩ። “እኔኮ ድምፄ የጎለመሰ መስሎኝ ሚስቴ ፊት ስኮራ ነበር።”

ሳቅን፤ ግን ሳቁ ሩቅ አልሄደም። ልጅቷ ከሌላ ቁልፍ መጫወት ስለማትችል እዚያው ላይ ከኦርጋኑ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ጉሮሮ ይቆረቁራል እንጂ ይወጣል። እኛ ልንወጣ እንችላለን። እሷ ግን ከዚያ ላይ መነሻ መስጠት አትችልም።

“ለዳይሬክተሩ ኦርጋኑ ተበላሽቷል ብላቸውስ?” አሉ ጋሽ ማንኪያ።

“ነርሶቹም በእሱ ነው የሚዘፍኑት እኮ፣ ጋሼ” አለች ልጅቷ። “ለእኛ ብቻ ነው የሚበላሸው?”

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። ሌሎቹም ዞሩ።

“እትዬ፣ እንግዲህ ዘመድ እርስዎ ነዎት።”

“ዘመድነቴ የሚታወሳችሁ እንዲህ ሲሆን ነው?”

“አንድ ቤት ነው የምትኖሩት። እኛ ብንነግራት እዚሁ ሰው መሃል ልንነግራት ነው።”

“ሰርተፊኬት እናዘጋጅላታለን” አሉ ጋሽ ማንኪያ። “በፍሬም። ዳይሬክተሩ ይፈርሙበታል።” እሳቸውም አላመኑበትም መሰለኝ፤ ማንኪያዋን ኪሳቸው ከተው መልሰው አወጧት፣ እንደገና ከተቷት።

እኔ የፈራሁት እንደ እነሱ ማስቀየሙን ብቻ አልነበረም። ያቺ ሴት ከዝምታዋ የወጣችው በዚያች ድምፅ ነው። ድምፁ ሲወሰድ ዝምታው ቢመለስስ? ጡረታውም ደርሷል፤ ማሽኑም ይቀራል፣ ፈረቃውም ይቀራል፣ እኔና እሷ ያንኑ ጠረጴዛ ከበን ያንኑ ግድግዳ ልናይ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሸክም የእኔ ነው። ለመሸከም ደግሞ እንደ ድሮው ጉልበት የለኝም።

ቤት ስገባ እሷ ቀድማኝ ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ተቀምጣለች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

“ልምምዱ እንዴት ነበር?”

“ደህና ነው። አዳራሹ ይቀዘቅዛል።”

“መነሻውን ማን ሰጠ?”

“ያው... ኦርጋኑ ነዋ።”

“እ” አለች። ፎጣውን አቀበልኳት። ያቺን “እ” ከብዙ ዓመት በኋላ መስማቴ ነበር፤ ሌላ ነገር ለመናገር ድፍረት አጣሁ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ልሞክር ብዬ ማሽኑ ጋ ሄድኩ። “ስሚማ” አልኳት። “ምን?” አለች እየጮኸች፤ ማሽኑ ነው የሚያስጮሃት። “ምንም፣ ክር ተንጠልጥሎብሻል” አልኩና የሌለውን ክር ከትከሻዋ ላይ አነሣሁ። በሌላው ቀን ሾፌሩ በመስኮት በኩል አንገቱን አስግጎ በዓይኑ “ነገሯት?” አለኝ። አንሶላ ፊቴ ላይ ዘርግቼ ተደበቅሁበት። አንሶላ ለዚህም ይሆናል።

የእረፍት ቀናችን ሲደርስ የቤታችንን አንሶላ አጥበን ከገመድ አወረድን። አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። አንዷ ወዲያ አንዷ ወዲህ ጫፍ ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ይቀራረባሉ። እጅ ለእጅ ሲነካኩ አንዷ ትሰጣለች፣ አንዷ ትቀበላለች። ዕድሜ ልካችንን የሠራነው ነው፤ ማሰብ አይፈልግም። እኔ በተቀራረብን ቁጥር አሁን ልንገራት እላለሁ። ጫፉን ትሰጠኛለች፤ እኔም ይዤ ወደ ኋላዬ እመለሳለሁ።

“እቱ” አለችኝ።

“አቤት።”

“ይቺን አንሶላ አጥፈናት አልነበር?”

አየሁት። ታጥፎ ወንበር ላይ የተቀመጠውን አንሥቼ መልሼ ዘርግቼዋለሁ።

“በይ አሁን ተናገሪ” አለች፣ ጫፉን ሳትለቅ። “ወይስ የጎረቤቱን አንሶላ ሁሉ አስመጥተሽ ነው የምትነግሪኝ?”

አንሶላውን እንደገና ወጠርኩት።

“ድምፁን ነው፣ አይደል?” አለችኝ።

“ማን ነገረሽ?”

“አዲሱ ማሽን። የተተከለ ዕለት እንደ ልማዴ ድምፁ ውስጥ ልግባ ብል አልደርስበትም፤ ከእኔ በላይ ነው የሚጮኸው። አዲስ ስለሆነ ይሆናል ብዬ መካኒኩን ጠየቅሁት። ‘አሮጌውም ሲተከል እንዲህ ነበር፤ ሞተሩ እያረጀ፣ እየዘገመ ነው ድምፁ የወረደው’ አለኝ። እኔ ደግሞ እሱን ይዤ ስወርድ ኖሬያለሁ። ወይ እሱ እኔን ይዞ ወርዷል። አብረን ነው ያረጀነው።”

“ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

አንሶላውን ያኔ ለቀቀችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ትወቅጥ ጀመር፤ ሲደክማት እንዲህ ታደርጋለች።

“ለማን ልስጠው?” አለች። “ልምምድ ሲደርስ ሙቅ ውሃ እጠጣለሁ። አዲሱ ማሽን ሥር ቆሜ የድሮዋን ድምፅ ልይዛት እሞክራለሁ፤ ትሸሸኛለች። ከዚያ እናንተ ያን ሁሉ ዓይን ታፈጡብኛላችሁ። ያገኘሁትን እሰጣችኋለሁ፤ እናንተም ያገኘሁትን ትወስዳላችሁ። አንድ ሰው ‘ይቺ ልክ አይደለችም’ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላለኝም።”

“እኛ እኮ አላወቅንም።”

“እሱ ነው የባሰው።”

የለቀቀችውን ጫፍ ከመሬት አነሣሁ።

“ደክሞኛል፣ እቱ” አለች። “ግን ደግሞ ወንድምሽ ከሞተ ወዲህ ሰው ዝም ብሎ እኔን የሚጠብቀኝ እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ልውጣ ስል ይሄ ይመጣብኛል። ድካሙም ይሄም፣ ሁለቱም አለብኝ። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።”

እኔም የማይሆነውን ተናገርኩ። “ጋሽ ማንኪያ ሰርተፊኬት ሊሰጡሽ ነው። በፍሬም።”

“ምን አጠፋሁ?” አለች።

መጀመሪያ እኔ ሳቅሁ፣ ከዚያ እሷ። ስትስቅ ሳል ያዛት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት።

“ሰርተፊኬትም ሽኝትም አልፈልግም” አለች ሲበርድላት። “ረድፌ ላይ ቆሜ ልዝፈን። ታውቂያለሽ፣ እኔ የመጀመሪያውን መስመር ከእናንተ ጋር ዘፍኜ አላውቅም። መነሻውን ስሰጥ ትንፋሼ ያልቃል፤ እስክሰበስበው እናንተ ሁለተኛው ላይ ናችሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን የበሩን ዘፈን ከበሩ አልገባሁበትም።”

“እንግዲህ ኦርጋኑ ይሰጣል ብለዋል።”

“ኦርጋኑማ አይስጥ። ልጅቷ ከኦርጋኑ ሰምታ በአፏ ትስጥ። መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆኑ ነው?”

በልምምዱ ቀን ቀድመን ሄድን። የካርድ ክፍሏ ልጅ ኦርጋኑን እየወለወለች ነበር፤ ስታየን ፊቷ ተለዋወጠ። የወንድሜ ሚስት ግን እንደ ገበያ ሰው ፊት ለፊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ድምፁ አንቺ ጋ አለ፤ እሱን አላስተምርሽም” አለቻት። “ቶሎ እንዳትሰጫቸው ብቻ። ደክመው ነው የሚመጡት። ይሳሉ፣ ይንጫጩ፣ ትንፋሻቸውን ይሰብስቡ። ወንበሩ መንኳኳቱን ሲያቆም ያኔ ስጪያቸው።”

“ባያቆምስ፣ እትዬ?”

“ያቆማል። ሰው ነው፣ ይደክመዋል።”

ሰዉ ገባ። ሾፌሩ ዓይኔን ይፈልጋል፤ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁለት፣ ትከሻው ወረደ። ጋሽ ማንኪያ ከኮታቸው ሥር አንድ በጋዜጣ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ነገር ይዘው ነበር። የወንድሜ ሚስት አየችው፣ እሳቸውም ማየቷን አዩ፤ ቀስ ብለው ከመጋረጃው ኋላ አስቀመጡት። እስከ ዛሬ እዚያው ሳይኖር አይቀርም።

ልጅቷ ቆመች። እንደተባለችው ጠበቀች። ወንበሩ መንኳኳቱን አቆመ። አንዷን ቁልፍ ነካች፣ ሰማች፣ ከዚያ በአፏ ሰጠችን፤ ጥርት ያለች፣ ከፍ ያለች ድምፅ። ጋሽ ማንኪያ ማንኪያዋን አነሡ፣ አወረዱ።

ዘፈኑን ያነሣ ሰው የለም። ሁላችንም፣ ነገሩን የማውቀው እኔም ጭምር፣ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ዞረን እሷን እያየን ነበር። ዓይናችን ነው የወሰደን። እሷም አየችን። ለአንድ አፍታ እጇ ወደ አንገቷ ሄዶ ነበር፤ መንገድ ላይ መለሰችው። ከዚያ አጎንብሳ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ክሩ ያልተፈታ ጫማ። ፈታችው፣ አሰረችው፣ መልሳ ፈታችው። ከእሷ የቀረን ሻሿ ብቻ ነው።

“እንደገና” አሉ ጋሽ ማንኪያ፣ ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ሆኖ።

ልጅቷ ደግማ ሰጠች። ሻሽ እያየ የሚነሣ የለምና ወደ ልጅቷ ዞርን፣ ተነሣን። ቀጥ ብለን አልነበረም፤ ሾፌሩ በድምፁ ወደ ምድር ቤቱ ሊወርድ ሲል በክርኔ ገፋሁት። ግን ተነሣን። ጎንበስ እንዳለች ከመጀመሪያው መስመር መሃል አንድ ሻካራ ድምፅ ከታች ሲቀላቀለን ሰማሁ። ቀና ስትል አፏ ተከፍቶ ነበር።

ምረቃው ላይ ምን ሆነ ብትሉኝ ብዙም የሆነ ነገር የለም። ንፋስ ነበር። ማይክራፎኑ ያፏጫል። ንግግሩ ረዘመ፤ እኛ እግር እየቀያየርን ቆመን ጠበቅን። ዘፈንን። መጨረሻው ላይ ሾፌሩ አላጓራም። ሰዎች አጨበጨቡ፣ ወደ አዲሱ ሕንፃ ገቡ፣ እኛ ወንበር መልሰን ተበተንን።

ወደ ቤት ስንሄድ ዝም ብላ ነው የምትሄደው። የሆስፒታሉን በር አለፍን፤ ዝም። ማደያውን አለፍን፤ ዝም። እጄን ብብቷ ሥር አስገብቼ ይዣታለሁ፤ ክንዷ ከበደኝ፣ ወይም የእኔ እጅ ደክሞ ይሆናል። የፈራሁት መጣ አልኩ በልቤ። ጠረጴዛው ታየኝ፣ ግድግዳው ታየኝ።

የእኛ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ቆመችና ትከሻዬን ተደግፋ አንድ እግሯን አነሣች።

“ይሄ ጫማ” አለች፣ “አሁንም በአንድ ጎን ነው የሚያልቀው።”

“ጠጋኙ ምን ይልሻል?” አልኳት።

እሱን እየነገረችኝ ቤት ደረስን።